ጋዝ አጥር አያውቅም
በየጓሮው ሊሠራ ስለታሰበው የቡታጋዝ ምድጃ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የቀረበ



በሰፈራችን ሰሞኑን አንድ አዲስ ነገር መጥቷል። በጓሮ መካከል ክብ ወይም አራት ማዕዘን ግንብ ይሠራል፤ በውስጡ ቀዳዳ ያለው የብረት ቀለበት ይዘረጋል፤ ከሲሊንደር በሚመጣ ቡታጋዝ ነበልባል ይነድበታል፤ ሰዉም ዙሪያውን ወንበር ደርድሮ ይሞቀዋል። ከውጭ አገር የተመለሱ ወገኖቻችን እዚያ ያዩትን ይዘው መጡ፤ ሌላውም በየመዝናኛው አየው፤ አሁን ደግሞ ሦስት አባወራዎች በየግቢያቸው ሊሠሩት ተነሥተዋል። ከሦስቱ አንደኛው ጉድጓዱን ቆፍረው ጨርሰዋል።

እኛ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልቻልንም። ጉድጓዱ የተቆፈረው ከጎረቤት የጭቃ ግድግዳ አንድ እርምጃ ላይ ነው። ሲሊንደሩም "ውበት እንዳያበላሽ" ተብሎ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሊቀበር ታስቧል። ከግድግዳው ማዶ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት አሉ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው እሳት የሚያነዱት እዚያችው ግድግዳ ሥር ነው። እንግዲህ በአንድ በኩል ጋዝ ሊቀበር፣ በሌላ በኩል እሳት ይነዳል፤ መካከላቸው ያለው ጭቃና ጭራሮ ብቻ ነው።

ሄደን ብናነጋግር "በገዛ ግቢዬ ምን አገባችሁ?" የሚል መልስ ተሰጠን። ይህ ጽሑፍ ለዚያ መልስ መልስ ነው። በሰውዬው ላይ ቂም የለንም። የእድራችን ሰው ናቸው፤ በሐዘንም በደስታም አብረውን የቆሙ ናቸው። ነገር ግን ዛሬ እሳቸው ያሉትን ነገ ሌላው ስለሚለው፣ ክርክሩን በር ለበር ከምናንሾካሹከው ሰሌዳ ላይ ማውጣቱ ይሻላል ብለናል።

"ምን አገባችሁ" ለሚለው

የሚያገባን ጋዝ አጥር ስለማያውቅ ነው። ቡታጋዝ የምንለው ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ናቸው፤ በግፊት ተጨምቀው ፈሳሽ ሆነው ሲሊንደር ውስጥ ይገባሉ። እነዚህ ጋዞች ከአየር ይከብዳሉ። ፕሮፔን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ሲያፈተልክ እንደ ጢስ ወደ ሰማይ አይወጣም። እንደ ውኃ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ይተኛል፤ በበር ሥር ይገባል፤ በቦይ ይወርዳል፤ በውኃ ቆጣሪ ጉድጓድና በሽንት ቤት ማንሆል ውስጥ ይከማቻል።

የኛ ሰፈር ደግሞ ተዳፋት መሆኑን የማያውቅ የለም። ክረምት ሲገባ የላይኛው መደዳ ጎርፍ የት እንደሚሄድ የታችኛውን መደዳ ጠይቁ! ጋዙም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። ከላይ በሙዚቃ የሚሞቅ ሰው ያፈተለከበትን ሳያውቅ፣ ከታች ከሰል ያቀጣጠለች ልጅ ናት የምታገኘው። ከሰል ባይኖር እንኳ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ ብልጭ ይላል፤ ለጋዝ ይህቺ ብልጭታ ትበቃዋለች።

"ትንሽ ቢያፈስ ምን ይሆናል" የሚል አለ። እስቲ እናስላው። ይህ ጋዝ እሳት ሊይዝ የሚችለው ከአየሩ ውስጥ ከመቶ 2 እጅ ያህል ሲሆን ነው። ጎኑ 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ለዚህ የሚያስፈልገው 1 ኪሎ እንኳ የማይሞላ ጋዝ ነው። ከባድ ስለሆነ ወለሉ ላይ ሲተኛማ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። አንድ ሲሊንደር ለምሳሌ 12 ኪሎ ተኩል ይይዛል። ስንት ክፍል እንደሆነ እናንተው ቁጠሩት።

ነገሩ የኛ ፈሊጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሕጉም ይህንኑ ነው የሚለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ወይም ሁከት እንዳያደርስ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታና ድምፅ እንዳያመጣበት ይከለክላል። ጢስና ሽታ ከተከለከለ እሳትማ ምን ይባላል? ግቢ የግል ነው፤ አዎ። ግድግዳው ግን የሁለት ሰው ነው፤ አየሩም የሁሉም ነው።

"እሳት ድሮም ነበር" ለሚለው

ሁለተኛው ክርክር "እኛ ደመራ ስናበራ፣ የቡሄ ችቦ ስናቀጣጥል የኖርን ሕዝብ ነን፤ ዛሬ እሳት አዲስ ሆነብን ወይ?" የሚል ነው። ንግግሩ ያምራል፤ ነገር ግን እንጨትንና ጋዝን አንድ ያደርጋል። እንጨት ለፍላፊ ነው፤ ይጤሳል፣ ይንጣጣል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ከሩቅ "አለሁ" ይላል። የሚሰማው ያጣ እንጨት ቀስ በቀስ አመድ ይሆናል። ጋዝ ግን እንዲህ አይደለም። ንፋስ መጥቶ ነበልባሉን እፍ ቢለው ሲሊንደሩ መስጠቱን አያቆምም። እንጨት ሲጠፋ ነገሩ ያበቃል፤ ጋዝ ግን ነበልባሉ ሲጠፋ ነው ነገሩ የሚጀምረው። ይህችን አንዲት ነገር የተረዳ ሰው የቀረውን ጽሑፍ ባያነብም አይቆጨንም።

ጋዙ በራሱ ሽታም መልክም የለውም። የምናሸተው ያ መጥፎ ሽታ ሰው እንዲነቃ ተብሎ የሚጨመርበት ኬሚካል ነው። ሽታው ጥሩ ጠባቂ ነው፤ ግን ጋዙ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ አፍንጫችን ከላይ ከሆነ፣ ወይ ጉንፋን ይዞን ከሆነ፣ ወይ ሁላችን ተኝተን ከሆነ ጠባቂው ብቻውን ጮኾ ይቀራል።

"ባለሙያ ነው የሚሠራልኝ" ለሚለው

የትኛው ባለሙያ? በር የበየደ ሁሉ የጋዝ መስመር ይዘረጋል ማለት አይደለም። የውኃ ቧንቧ በቃጫ ጠምጥሞ ማጥበቅ አንድ ሙያ ነው፤ የጋዝ መስመር ሌላ ሙያ ነው። ውኃ ቢያፈስ ወለል ያርሳል፤ ጋዝ ቢያፈስ ምን እንደሚያደርግ ከላይ ተናግረናል። የብየዳ ሠራተኞቻችንን እናከብራለን፣ የሰፈራችን ልጆችም አሉባቸው። ነገር ግን ሬጉሌተሩ ስንት ግፊት እንደሚለቅ፣ ጎማው ለጋዝ የተሠራ መሆን አለመሆኑን፣ ግንቡ የቱ ጋ መተንፈሻ እንደሚተውለት ተጠይቆ መልስ የሌለው ሰው ምድጃውን አይሥራ። ጥያቄው ስድብ አይደለም፤ ጤና ነው።

ከዚህም ሌላ ከውጭ የሚመጣው ማንደጃ ብዙውን ጊዜ ለቆላ አየር የተለካ ነው። እኛ ያለነው አዲስ አበባ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየራችን ከባሕር ጠረፍ አየር ሲተያይ አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ያነሰው ጋዝ በደንብ አይቃጠልም፤ ጥላሸት ያወጣል፤ መርዘኛ የሆነውን ካርቦን ሞኖክሳይድም ያበዛል። ሜዳ ላይ ከሆነ ንፋስ ይወስደዋል። ነገር ግን "ዝናብ መጣ" ብሎ በላዩ ሸራ መወጠር፣ ጎኑንም መጋረድ ከመጣ፣ በክረምት ከሰል ቤት አስገብቶ እንደተኛ ሰው ነው የሚሆነው። የዚያን ፍጻሜ ሁላችንም እናውቀዋለን።

"ቀናችሁብኝ" ለሚለው

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ማን በማን ይቀናል? አንድ ትልቅ የጓሮ ምድጃ ሙሉውን ሲነድ በሰዓት ከ1 ኪሎ በላይ ጋዝ ይበላል። 12 ኪሎ ተኩል የያዘው ሲሊንደር በ11 ሰዓት ገደማ ያልቃል ማለት ነው። ሽሮ የምንሠራበት የአንድ ዓይን ምድጃ በዚሁ ጋዝ ከአምስት ጊዜ በላይ ይቆያል። ሌላው ቤት ብዙ ቀን ወጥ የሚሠራበት ሲሊንደር በሦስትና በአራት ማታ ጨዋታ ይተናል። ጋዙ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ሲጠፋም ባዶ ሲሊንደር ተሸክመን የምንንከራተተው ሁላችንም ነን። ገንዘቡ የባለቤቱ ነው፤ እኛ አንቆጣጠርም። ቅናት እንዳልሆነ ግን ይታወቅልን!

ከጋዙ ፍጆታ ጋር የተያያዘ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ብዙ ጋዝ ባንድ ጊዜ ሲወጣ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፤ ጤዛ ያወጣል፤ አንዳንዴም በረዶ ይለብሳል፤ ነበልባሉም ይደክማል። ይህን ጊዜ የማያውቅ ሰው ምን ያደርጋል? "ብርድ ነው የያዘው፣ ይሙቅ" ብሎ ሲሊንደሩን ወደ እሳቱ ያስጠጋዋል፤ ወይም እያወዛወዘ ያጋድመዋል። ኧረ በሕግ! ሲሊንደር ሲጋደም በጋዝ ፋንታ ፈሳሹ ይወጣል፤ ፈሳሹም ጋዝ ሲሆን ከ200 እጥፍ በላይ ይሰፋል። የደከመ ነበልባል ካያችሁ ዝጉና ወደ ቤት ግቡ፤ ጨዋታው ነገም ይደርሳል።

"ጭራሽ ይከልከል" ለሚሉት

በሌላ ወገን ደግሞ "ማኅበሩ ፈርቶ ነው እንጂ ባንዴ መከልከል ነበረበት" የሚሉ አሉ። ከእነዚህም ጋር አንስማማም። አንደኛ፣ ማኅበራችን ጎረቤት ነው እንጂ ፖሊስ አይደለም። ሁለተኛ፣ የከለከሉት ነገር አይቀርም፤ በሌሊት፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ በችኮላና በርካሽ ዕቃ ይሠራል። ያ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ሦስተኛ፣ ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ጋር እሳት ዙሪያ ተቀምጦ ቢጫወት ምን ክፋት አለው? ሁሉም ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ጓሮ ቢወጣ ሰፈሩ ይደምቃል እንጂ አይጎዳም። እኛ የምንቃወመው እሳቱን ሳይሆን ያለ እቅድ መሠራቱን ነው።

ጎረቤት አገር የደረሰውንም አንርሳ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በናይሮቢ፣ ኤምባካሲ በሚባለው ሰፈር፣ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ጋዝ የጫነ መኪና ፈንድቶ እሳቱ በየቤቱ ገባ፤ ሰው ሞተ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ያ የጓሮ ምድጃ አልነበረም፤ በመጠንም ከኛ ጉዳይ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን የተጎዱት አብዛኞቹ በየቤታቸው የነበሩ ጎረቤቶች ናቸው። ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ጋዙን አምጥቶ ያስቀመጠው አንድ ሰው ይሆናል፣ ጉዳቱ የሚደርሰው ግን ማዶ ላለው ነው።

ደግሞ አንድ እውነት እንጨምር። በኛ ቅያስ የእሳት አደጋ መኪና አይገባም። ጋሪና ባጃጅ እየተገፋፉ በሚያልፉበት መንገድ ያ ትልቅ መኪና በየት በኩል ይዞራል? አስፋልት ላይ ቆሞ ጎማ እስኪዘረጋ ድረስ ቆርቆሮው፣ የባሕር ዛፉ አጥር፣ የጭቃው ቤት አይጠብቀውም። ስለዚህ ለኛ ሰፈር ዋናው የእሳት አደጋ መከላከያ ሰው ምድጃውን ከመሥራቱ በፊት የሚያስበው ሐሳብ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ምድጃ መሥራት የሚፈልግ ማንኛውም ነዋሪ የሚከተሉትን እንዲያሟላ እንጠይቃለን።

1ኛ. ቦታ። ምድጃው ከማንኛውም ቤት፣ አጥርና ዛፍ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ከላዩ ሸራ፣ ቆርቆሮ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የልብስ ማስጫ አይኑር። ግቢው ይህን ያህል ስፋት ከሌለው ምድጃው ለዚያ ግቢ አልተፈጠረም፤ ነገሩ ይቅር።

2ኛ. ሲሊንደር። ከመሬት በላይ፣ ቀጥ ብሎ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከነበልባሉ ርቆ ይቁም። ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፤ አይቀበርም፤ ቤት ውስጥም አይቀመጥም። ከቦይ፣ ከማንሆልና ከውኃ ታንከር ጉድጓድም ይራቅ።

3ኛ. መተንፈሻ። ግንቡ በሁለት ተቃራኒ ጎኖች ከታች ክፍት ቦታ ይኑረው። ያፈተለከ ጋዝ ወጥቶ ንፋስ እንዲበትነው እንጂ ታፍኖ እንዲጠብቅ አይደለም።

4ኛ. መዝጊያ። ሰው ወደ እሳቱ ሳይጠጋ የሚዘጋው ቫልቭ ይኑር። ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚቆርጥ መሣሪያ አለ፤ ያም ይገጠም። ዋጋው ቢከብድ የወንበሩ ቁጥር ይቀነስ።

5ኛ. ጎማና መጋጠሚያ። ጎማው ለጋዝ የተሠራ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ሰው የማይረግጠው ይሁን። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር መጋጠሚያው ሁሉ የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ አይገባም።

6ኛ. ድንጋይ። የወንዝ ጠጠር ያምራል ተብሎ እሳቱ ላይ እንዳይደረደር። ውስጡ የያዘው ውኃ ሲሞቅ እንፋሎት ሆኖ ድንጋዩን ያፈነዳውና ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። ከእሳተ ገሞራ የወጣው የኛው ቀይ አሽ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ለዚህ ይሻላል፤ መንገድ ላይ የምናፈሰው እሱው ነው። እሱም ቢሆን ታጥቦ በደንብ ይድረቅ።

7ኛ. አጠቃቀም። መጀመሪያ ክብሪት ይጫር፣ ከዚያ ጋዙ ይከፈት፤ ጋዝ ከፍቶ ክብሪት ፍለጋ መሮጥ አይሆንም። ካልተቀጣጠለ ወዲያው ይዘጋ፤ ጋዙ ተበትኖ እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። እሳቱ ያለ አዋቂ ሰው ለአፍታም አይተው፤ በቀን ፀሐይ ነበልባሉ አይታይምና ሕፃናት ይጠበቁ። ወደ ቤት ሲገባ ሲሊንደሩ ላይ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋ።

8ኛ. ጎረቤት። ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት በጎንና ከታች ያሉ ጎረቤቶች ቦታውን ይዩ፤ ይስማሙ። ከታች ያለ ሰው ካልተስማማ ከላይ ያለው ሰው አይጀምር።

የጋዝ ሽታ የሸተተው ማንም ሰው የሲሊንደሩን መዝጊያ ይዝጋ፤ በርና መስኮት ይክፈት፤ መብራት አያብራ፣ አያጥፋም፤ ክብሪት አይጫር፤ ከቤት ይውጣ። ከዚያ ከታች ያሉትን ጎረቤቶች ይጥራ፤ ከሽታው ርቆም በ939 ለእሳት አደጋ ይደውል። "ያፍሩብኛል" ብሎ ዝም ማለት ነውር ነው፤ መጮኽ ነውር አይደለም።

በመጨረሻም

የእድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት በደንብ ተጠብቆ ተቀምጧል። የእድር ገንዘብም የሚከፈለው ከሞት በኋላ ነው። እኛ ግን ለሞት ብቻ የምንሰባሰብ ሰዎች መሆን አንፈልግም። ተሰብስቦ ድንኳን ከመትከል በፊት ተሰብስቦ ቦታ መለካት ይቻላል። ሜትሩ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አለ፤ የፈለገ ይምጣና ይውሰድ።

ስለሆነም በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ ይህ ጉዳይ የመጀመሪያው አጀንዳ ይሆናል። ምድጃ ያሰቡት ሦስቱም አባወራዎች ሐሳባቸውን እንዲያስረዱ፣ የታችኛው መደዳ ነዋሪዎችም ሳይፈሩ እንዲናገሩ ተጋብዘዋል። እንጀራ ጋጋሪዋ እናታችን "እኔ ምን አውቄ" ብለው እንዳይቀሩ፤ ስለ ግድግዳው ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

እስከዚያው የምንለው አንድ ነው፤ ከግድግዳው ሥር ያለው ጉድጓድ ይደፈን፣ ምድጃውም ወደ ግቢው መካከል ይምጣ። የተለፋበት ድካም ይቆጫል፤ እናውቃለን። ስለዚህ አፈሩን ለመመለስም ሆነ አዲሱን ለመቆፈር አካፋ ይዘን እንመጣለን። ጎረቤቱ ተስማምቶ፣ ቦታው ተለክቶ፣ ሲሊንደሩ ከመሬት በላይ ቆሞ እሳቱ የበራ ዕለት ደግሞ ቡናው ከኛ ነው።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት